ሦስተኛው ማ ዴሼንግ

«ይህ ሰው ባልሽ ነው?»

የአውራጃው ምክትል ሹም ክቡር ዊቼን ይህን ሲጠይቀኝ ከሻይ መጥበሻው ዳስ ፊት ቆሜ ነበር። በግራዬ ልጄ ሱሚን፣ በቀኜ ሉዎ ቢንግ ቆመዋል። ሉዎ ቢንግ ፀጉሩን በቅባት ለጥፎ ደረቱ ላይ ኒሻን አንጠልጥሏል። የመንደሩ ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያያል። አዎ ወይም አይደለም ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ያን ቀን ጠዋት ጥሩምባው ሲነፋ ወደ ሻይ ተክሉ የወጣነው እየሮጥን ነበር። እኛ ከቻይና ሸሽቶ በታይላንድ ተራራ ላይ የሰፈረ ሠራዊትና ቤተሰቦቹ ነን። የታይ መንግሥት ጠመንጃችንን ሰብስቦ ወስዷል፤ ጥሩምባውን ግን የጠየቀን ስላልነበረ አዛዣችን ኮሎኔል ሺ በየጠዋቱ ያስነፋዋል። ትእዛዙ፣ ሴት ሁሉ ንጹሕ ኮት ለብሳ ቅርጫቷን ይዛ፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ በየመስመሯ ትገኝ የሚል ነው። ጤዛው ገና አልረገፈም። ቅጠሉ ሲነካ እጅ ላይ ይንጠባጠባል።

«እርጥብ ቅጠል ልንለቅም ነው?» አልኳት አጠገቤ የነበረችውን አሮጊቷን ፓንን።

«ለመጠጥ መሰለሽ? ለፎቶ ነው እንጂ። ዝም ብለሽ ልቀሚ፤ ፎቶ አይኮመጥጥም።»

እርጥብ ቅጠል እንደሚኮመጥጥ በመንደራችን ሕፃን ያውቃል። መኮንኖቻችን ግን ሻይን ያወቁት ትናንት ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያውቁት በቅሎና የኦፒየም አበባ ነበር። ችግኙ ከታይዋን የመጣ ጊዜ ኮሎኔል ሺ ገመድ አስወጠረ፤ ችግኙን መቶ መቶ አድርጎ እንደ ሻምበል ከፈለና ከተራራው አናት እስከ ወንዙ ቁልቁል በቀጥታ አስተከለው። ሰልፉ ያምር ነበር። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በየመስመሩ መሐል ቦይ አገኘና አፈሩን ከነችግኙ ጠርጎ ወሰደው። አሮጊቷ ፓን ያኔ፣ «ወደ ፊት ሂድ አሉት፤ ሄደ» አለች። እኛ ሴቶች ከወንዙ ዳር የተረፈውን ለቅመን፣ ተራራውን እንደ መቀነት እንዲዞረው አግድም ተከልነው። እንግዶች ወጥተው የሚያደንቁት ይህንን ነው። ፎቶው ላይ ከተክሉ ፊት የሚቆመው ግን ኮሎኔል ሺ ነው።

«የሉዎ ቢንግን ደረት አይተሻል?» አለችኝ አሮጊቷ ፓን፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ።

«ምን አለበት?»

«ኒሻን።»

«የምን ኒሻን? የወጥ ቤት?»

አልሳቀችም። «ሂጂና እይው። የኔ ዓይን ደክሟል። ያንቺ ባል ኒሻን ግን ጫፉ የተሸረፈ አልነበር?»

ቅርጫቴ ጀርባዬ ላይ የከበደ መሰለኝ። ኒሻኑ የተሸረፈው ሱሚን ምድጃው ድንጋይ ላይ ጥላው ነበር። ኮሎኔሉ ባለፈው ወር «በሣጥኔ ይቀመጥ፤ እዚህ ይጠፋል» ብሎ ወስዶታል።

ባሌ በእናቱ ቤት ያንግ ኩን ነበር። በሠራዊቱ መዝገብ ግን ማ ዴሼንግ ነው። የመጀመሪያው ማ ዴሼንግ በቅሎ ነጂ ነበር አሉ፤ ሠራዊቱ ከቻይናዋ ዩናን ወደ በርማ ሲሸሽ በወባ ሞተ። ስሙ ከመዝገብ ከተፋቀ የሩዝ ድርሻው ይቀራል። ስለዚህ የዐሥራ ስድስት ዓመቱን ያንግ ኩንን ከአንድ ገበያ ያዙና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማ ዴሼንግ ሲባል አቤት በል» አሉት። አቤት አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቤት አለ። ይህ በኛ ዘንድ ነውር አልነበረም። ሰው ይሞታል፤ ስም ግን ሩዝ ያበላል፣ ስለዚህ አይሞትም። በመንደራችን የሞተ ሰው ስም ተሸክሞ የሚኖር ሽማግሌ ብዙ ነው። ልጄም ማ ሱሚን ናት፣ በማታውቀው በቅሎ ነጂ ስም።

ከዚያ ቀን ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የታይ መንግሥት ኮሚኒስቶችን ከአንድ ተራራ አስለቅቁልኝ ብሎ ሲለምን ሽማግሌዎቻችን ዘመቱ። ባሌም አርባ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ዘመተ። ሉዎ ቢንግ የኮሎኔሉ ሚስት ወንድም ነው፤ የኮሎኔሉ ወጥ ሠሪም ነው። መኪኖቹ በተነሱበት ጠዋት ሆዱን ይዞ ተኛ። መኪኖቹ ከዐይን ሲሰወሩ ተነሥቶ ዶሮ አረደ። ባሌ አልተመለሰም፤ ኒሻን መጣልኝ። ኮሎኔሉ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ስሙ አይሞትም» አለኝ። እኔ ሞኟ ማጽናናቱ መስሎኝ አመሰገንኩት።

እንግዶቹ ያን ቀን የሚመጡት ለዘመቱት ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው መታወቂያ ለመጻፍ ነበር። ሱሚን ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የታይ ቋንቋ መምህራችን ቡንሎን የፈተናውን ወረቀት ይዞላት ወጥቶ ተፈትናለች፤ ቆላ ከተማ ባለው የነርሶች ትምህርት ቤት ዝናብ ሲገባ እንድትጀምር ተጽፎላታል። ከተራራው ግርጌ ግን ኬላ አለ። መታወቂያ የሌለው ከኬላው አያልፍም። እኛ ደግሞ አገርም መታወቂያም የለንም። የሟች ቤተሰብ ይጻፋል ወይ ብዬ ኮሎኔሉን ሦስት ጊዜ ጠይቄው ሦስት ጊዜ «አታስቢ» ብሎኛል። የአንዲት ልጅ እናት ከማሰብ ሌላ ምን ሥራ አላት?

ረፋድ ላይ ሁለት ላንድሮቨሮች ጭቃ ለብሰው ወጡ። ክቡር ዊቼን ወረደ፤ ጫማውን አየ፣ ከዚያ እኛን አየ፣ በሁለቱም ተናደደ። ከሁሉ አስቀድሞ መጸዳጃ ቤት ጠየቀ። ወስደው ሲያሳዩት አልፈልግም አለ። አብረውት ፎቶ አንሺና መምህር ቡንሎን ነበሩ። መምህር ቡንሎን ከሰዓት በኋላ በዳሱ ውስጥ እኛን አዋቂዎቹን የታይ ፊደል የሚያስተምረን ወጣት ነው። «ተራራዎች፣ ደብተር አውጡ» ይለናል ሲገባ። እኔ አምስት ወር ተምሬ ነበር። አንድ መስመር አንብቤ እስክጨርስ እሱ አንድ ሲጋራ ይጨርሳል።

ታይኛ እሰማለሁና ፔርሙስ ይዤ ሙቅ ውሃ እንዳቀርብ ተጠራሁ። ሉዎ ቢንግ ነጭ ጓንት አጥልቆ በትንሿ ማንቆርቆሪያ ሻይ ያፈላል። ኒሻኑን አየሁት፤ ጫፉ ተሸርፏል። ልጮህ ነበር፤ ዋጥ አደረግሁት።

ከታይዋን በመጣው በአዲሱ አፈላል የመጀመሪያው ውሃ አይጠጣም፤ ቅጠሉን አጥቦ ስኒዎቹን አሙቆ ይደፋል። ሉዎ ቢንግ ያን እጣቢ በስኒዎቹ ቀዳ። ሊደፋው እጁን ሲዘረጋ ክቡር ዊቼን ስኒውን አነሣና ጠጣው።

«ለስላሳ ነው» አለ። «እውነት ነው፤ ጥሩ ሻይ አላችሁ።»

ሉዎ ቢንግ እጁን አየር ላይ እንደ ዘረጋ ቀረ። ኮሎኔል ሺ የራሱን ስኒ አየ። ሹም ተሳስቷል አይባልም። አነሣና ጠጣ። «ከተራራችን ምርጡ ነው ክቡርነትዎ» አለ። እሱ ሲጠጣ ሻለቆቹ ጠጡ፤ ሻለቆቹ ሲጠጡ መቶ አለቆቹ ጠጡ። ከመቶ አለቆቹ አንዱ ከንፈሩን ላሰ። ሹሙ እግሩን የታጠበበት ውሃ ቢሆን ኖሮም ያደንቁት ነበር።

መምህር ቡንሎን ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። ውሃ ስጨምር ከፊት ለፊቱ ቆሜ አየሁት። ለኔ ፊደሉ የተገለበጠ ነው፤ ቀና ብሎም እንኳ ያስቸግረኛል። ማ። ዴ። ሼንግ። ውሃውን ቀስ አድርጌ ቀዳሁ። ቀጥሎ «ዘማች»። ቀጥሎ «በሕይወት ያለ»። ከዚያ አንድ ቃል አለ፤ አነበብኩት፣ አላመንኩም፣ ደገምኩት። «ያላገባ»። በልጅ ቦታ ሰረዝ ብቻ ነው።

ውሃው ከስኒው ሞልቶ ትሪው ላይ ፈሰሰ።

«ቀስ በይ፣ ተራራዋ» አለኝ መምህር ቡንሎን።

ሉዎ ቢንግ ቅጠል ሊያመጣ ወደ ዳሱ ጀርባ ሲሄድ ተከተልኩት። የተለቀመው ቅጠል በሰፌድ የሚሰጣበት ቦታ ነው።

«ባሌን ለብሰኸዋል» አልኩት።

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ የማ ሚስት።»

«የየትኛው ማ?»

ጓንቱን አወለቀ። «ኮሎኔሉ ነው የሰጠኝ። የዘማች መታወቂያ የሚሰጠው ባለስሙ በአካል ሲቀርብ ነው። ማ አይቀርብም። ስሙ ከሚበላሽ አንተ ግባበት አለኝ። እኔ ለምኜ አልወሰድኩም።»

«ሳትለምን ልታገኝ የምትችለው ጥይት ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ፈራኸው። እሺ፣ ስሙን ውሰድ። ያላገባ የሚለው ከየት መጣ? ሱሚንን ለምን አልጻፋችኋትም?»

ሉዎ ቢንግ ፀጉሩን በመዳፉ ዳበሰ። አምሳ ሊሞላው ነው። «ቆላ አንዲት ልጅ አይቻለሁ። አባቷ ወፍጮ ቤት አለው። ሚስትና የደረሰች ልጅ አለኝ ካልኩ ማን ይሰጠኛል?»

«እሷ አይታሃለች?»

«በሩቅ።»

«ተስፋ ያደረግኸው ለዚያ ነዋ።»

ኮሎኔል ሺ ድምፃችንን ሰምቶ መጣ። ሰው በሌለበት እንኳ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚቆመው።

«ኮሎኔል፣ እኔ ይቅርብኝ» አልኩት። «ልጄን ብቻ ያስጽፉልኝ።»

«ልጅ ያለ ወላጅ አትጻፍም። ዝርዝሩ ተዘግቷል።»

«እንግዲያው ወጥቼ ባሌ ሞቷል እላለሁ።»

«በይ» አለኝ በርጋታ። «ስሙ ይሰረዛል። አንድ ስም ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ሰውየው ሌላውን ሁሉ ይመረምራል። የፓን ባል በማን ስም የሚኖር ይመስልሻል? ሃያ ቤት ይዘሽ ትወድቂያለሽ፤ ልጅሽም አትወጣም። ማ ዴሼንግን ሠላሳ አምስት ዓመት በመዝገቤ ጠብቄዋለሁ። ሁለት ሰው በውስጡ ሞቷል፤ እሱ አልሞተም። በአንቺ እንባ አይሞትም።»

«እንባ የት አዩ?» አልኩት።

ጥሩምባው ለስም ጥሪ ተነፋ።

ወንዶቹ ከዳሱ ፊት ተሰለፉ። ሴቶችና ልጆች ከኋላ ናቸው። ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንዱ በከዘራ፣ አንዱ ጥርስ የለውም፣ ሁሉም ቀለሙ የለቀቀ ኮፍያ አድርገዋል። ስም በተጠራ ቁጥር አቤት ብለው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወጣሉ። ይህን ብቻ ሠላሳ አምስት ዓመት ተምረዋል፤ ይህን ብቻ አልረሱም። ግማሾቹ በሟች ስም አቤት ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም።

ሱሚንን አገኘኋትና እጇን ያዝኩ። «ስጠራሽ ተከተይኝ። ምንም አትናገሪ» አልኳት። ከሰልፉ መሐል ኒሻኑን አይታዋለች።

«ማ ዴሼንግ» አለ መምህር ቡንሎን።

«አቤት» አለ ሉዎ ቢንግ።

ለዚያ ስም አቤት ሲባል ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ክቡር ዊቼን ኒሻኑን አየና ፊቱ በራ፤ ፎቶ አንሺውን ጠራ። «ጀግና ነህ ማለት ነው። ቆስለህ ነበር?»

ለሉዎ ቢንግ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አልነገሩትም ነበር። «ሆዴን» አለ።

ከሽማግሌዎቹ ሰልፍ ብዙ ሳል ተሰማ። ከሳሉ መሐል አንድ ሰው፣ «ከባድ ነበር፤ ዶሮ ነው ያዳነው» ሲል ሰማሁት። በዩናን ቋንቋ ስለ ሆነ ሹሙ አልገባውም።

«ያላገባ» ብሎ አነበበ ክቡር ዊቼን። «ጀግና ሆነህ ሚስት አጣህ?»

ያን ጊዜ የሱሚንን እጅ ይዤ ወጣሁ። በሴቶቹ መሐል፣ በወንዶቹ መሐል አለፍን። ኮሎኔል ሺ አንድ እርምጃ ወደኛ ተራመደና ቆመ፤ በእንግዳ ፊት ሴት አይጎተትም።

«ክቡርነትዎ፣ ዝርዝሩ ተሳስቷል» አልኩ በታይኛ። ከዳሱ ጀምሮ በልቤ ስለማመደው የመጣሁት ነው። «ማ ዴሼንግ ሚስትና ልጅ አለው። እኛ ነን።»

ከዚህ ውስጥ ሐሰት የለበትም። ያሰብኩት እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር። በዚህ ያምንና ይጽፈናል አልኩ። እሱ ግን ጣቱን ወደ ሉዎ ቢንግ ቀሰረና ያንን ጥያቄ ጠየቀኝ። ይህ ሰው ባልሽ ነው?

ሉዎ ቢንግ ባሏ አይደለሁም ቢል መንደሩ ሁሉ ይመረመራል። ነኝ ቢል የወፍጮ ቤቷ ልጅ ትቀርበታለች። አፉን ከፍቶ ኮሎኔሉን አየ። እኔ አዎ ብል ያንግ ኩንን በአደባባይ ደግሜ መቅበሬ ነው፤ አይደለም ብል ሱሚንን። ልጄን ከዚህ ተራራ ለማውጣት እጄን እንኳ እቆርጣለሁ እል ነበር። አንድ ቃል ተጠየቅሁ፣ ምላሴ ታሰረ።

«ሰምተሻል?» አለ ሹሙ።

ሱሚን እጄን ለቀቀች። ወደ ሉዎ ቢንግ ሄደች። ኒሻኑ ተገልብጦ ነበር፤ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ቀና አደረገችው፣ ልክ ቆሻሻ እንደሚነካ ሰው። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞረች።

«አባቴ ነው፣ ክቡርነትዎ» አለች። «ከእናቴ ጋር ተኳርፈው ነው። ሦስት ዓመት አላናገረችውም።»

«ሦስት ዓመት?»

«ብታናግረውም አይሰማም ነበር።»

ክቡር ዊቼን ከት ብሎ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ኮሎኔል ሺ ሳቀ፤ ከዚያ ሻለቆቹ፣ ከዚያ መቶ አለቆቹ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። ልጄ ምን እንዳለች ገብቷቸዋል፤ አንዳንዶቹ መሬት አዩ።

«ታረቁ እንግዲህ» አለ ሹሙ ወደ ቀጣዩ ስም እያለፈ። «ጻፋቸው።»

መምህር ቡንሎን ብዕሩን ይዞ አየኝ። ከሁለት ወር በፊት ደብተሬ ላይ «ባሌ ሞቷል» ብዬ ጽፌለት ነበር፤ አንዲቷን ፊደል በቀይ አርሞ መልሶልኛል። ይናገር ይሆን ብዬ አፉን አፉን አየሁ። ከንፈሩን ጠመዘዘ።

«ተራራዎች» አለ በቀስታ። «ሞታችሁ እንኳ አታርፉም።»

ያላገባ የሚለውን ሰረዘና የኔንና የሱሚንን ስም ጻፈ። ከዚያ የአሻራ ቀለሙን ወደኔ ገፋ። «አውራ ጣትሽን።»

«እጽፋለሁ» አልኩት። ስሜን ከደብተሬ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ከዚያ ውሸት ሥር ነው። መስመሩን ለቅቆ ወጣ።

መምህሩ ወረቀቱን ሲያጥፍ ያልጠየቅነውን ነገረን። በአንድ ዝርዝር የተጻፈ ቤተሰብ በአንድ ቤት ይኖራል። በዓመት ሁለት ጊዜ ያለ ቀጠሮ ፍተሻ ይመጣል። ለትምህርት የወረደ ልጅ ይፈቀዳል፤ ባል ወይም ሚስት ከቤቱ ከጠፋ ግን ሁሉም ይሰረዛሉ፣ ልጅቷም።

«እስከ መቼ?» አለ ሉዎ ቢንግ።

«እስክትሞቱ» አለው መምህር ቡንሎን። «አንተ ደግሞ እንደማየው ቶሎ አትሞትም።»

ሉዎ ቢንግ የእውነት ሲያዝን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ኮሎኔሉ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ለፎቶ ወደ ተክሉ ሄደ። አሮጊቷ ፓን እርጥቡን ቅጠል ከነቅርጫቱ ከተራራው ገደል ደፋችው።

ሱሚን ያን ቀን ከምንጩ ዳር ተቀምጣ አፏን ደጋግማ ስትጉመጠመጥ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እኔ ነበርኩ መናገር የነበረብኝ» አልኳት።

«አንቺማ ብትናገሪ ያስታውቅብሽ ነበር» አለችኝ። ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሉዎ ቢንግ የቆርቆሮ ሣጥኑን ተሸክሞ ደጃፌ ቆመ። ከማድ ቤቱ ጀርባ የቅጠል ጆንያ የምናስቀምጥበትን ክፍል አሳየሁት። ጣራው ያፈሳል። እራት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ።

«ወጥ ሠሪ አይደለህም እንዴ?» አልኩት።

ዝናብ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሱሚን መታወቂያዋን አሳይታ ኬላውን አለፈች። ነርስ ሆነች፤ ባንኮክ ገባች፤ አገባች። ልጆቿ የሚጠሩበት የቤተሰብ ስም የባሏ ነው። ወደ ተራራው ለመኖር አልተመለሰችም፤ እኔም ተመለሽ አላልኳትም። ለፍተሻ ሰዎች ሲመጡ ሉዎ ቢንግ ኮቱን ይለብስና እኔ ጎን ይቆማል፤ ሲሄዱ እሱ ወደ ጆንያው ክፍል፣ እኔ ወደ ተክሉ እንሄዳለን። በዚህ ሁኔታ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነን።

ልጄ ሄደች። እኔና ሉዎ ቢንግ ቀረን።